የዒድ ማዕድ በአቅማችን ልክ፦ እንግዳ ሳንሸሽ፣ ዕዳ ሳንገባ



ረመዷን ወደ ማብቂያው ሲቃረብ በየቤቱ አንድ ዓይነት ሒሳብ ይጀመራል። ዘይቱ ስንት ገባ? ሽንኩርቱስ? ዶሮ ይሻላል ወይስ ስጋ? የልጆቹ ልብስ ከተገዛ በኋላ ምን ይተርፋል? ወሩ ራሱ በኢፍጣሩና በሱሑሩ ኪሳችንን ሲያሳሳው ስለሚከርም ዒድ የሚደርሰው ብዙ ጊዜ እጅ ባጠረበት ሰዓት ነው።

በዚህ ጊዜ ብዙ ቤተሰብ ከሁለት መንገዶች አንዱን ይይዛል። አንዳንዱ ተበድሮ ይደግስና ሸዋልን ሙሉ ዕዳ ሲከፍል ይከርማል። ሌላው ደግሞ «ባዶ ማዕድ ይዤ ሰው ፊት አልቀርብም» ብሎ ዘንድሮ ማንንም ላለመጥራት ይወስናል። የመጀመሪያው ኪስን ይጎዳል፤ ሁለተኛው ግን ዝምድናን ነው የሚጎዳው። ዘንድሮ ያልተጠራ አጎት በሚቀጥለው ዓመት እሱም ለመጥራት ያመነታል። ሁለት ዒድ እንዲህ ካለፈ በኋላ የአክስትና የአጎት ልጆች መንገድ ላይ ቢገናኙ እንኳን የማይተዋወቁ ይሆናሉ።

እኛ በዚህ ጽሑፍ ሦስተኛ መንገድ መኖሩን ማሳየት እንፈልጋለን፤ ሰውን ጠርቶ፣ በአቅም ልክ አብልቶ፣ ያለ ዕዳ ወደ ሸዋል መግባት ይቻላል። ለዚህም ዲናችን የሚያስተምረውን፣ ከዚያም የገበያውንና የምድጃውን ሥራ በየተራ እንመልከት።

እንግዳ ማክበርና መጨናነቅ አንድ አይደሉም

እንግዳን ማክበር ከኢማን ጋር የተያያዘ ጉዳይ እንደሆነ ሁላችንም የምናውቀው ነው። የምንረሳው ግን ክብሩ የሚለካው በወጡ ብዛት አለመሆኑን ነው።

ነብዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) በ7ኛው ዓመተ ሒጅራ ከኸይበር ሲመለሱ እናታችንን ሶፊያን (ረ.ዐ.) አገቡ። አነስ (ረ.ዐ.) ያስተላለፉትና በቡኻሪ የተዘገበው የዚያ ሠርግ ወሊማ ዳቦም ሆነ ስጋ አልነበረበትም። የቆዳ ምንጣፍ ተነጠፈ፤ ተምር፣ የደረቀ አይብና ቅቤ ቀረበ። በሌላው ዘገባ ደግሞ ያለው ሰው ያለውን ይዞ እንዲመጣ ተጠየቀ፤ አንዱ ተምር፣ ሌላው ቅቤ ይዞ መጣ፤ የመጣው ሁሉ ተቀላቅሎ ወሊማው ሆነ። ከፍጥረት ሁሉ በላጭ የሆኑት ሰው ሠርግ ያለ ስጋ፣ እንግዶቹ ባመጡት ምግብ ከተደገሰ፣ የእኛ የዒድ ምሳ ምስርና ጎመን ቢበዛበት ምን ያሳፍራል?

የአሽዓሪዮች ታሪክም እንዲሁ ነው። እነዚህ የየመን ሰዎች ስንቅ ሲያልቅባቸው ወይም የቤተሰባቸው ምግብ ሲያንስ በየቤቱ ያለውን አንድ ጨርቅ ላይ ሰብስበው በእኩል ይከፋፈሉ ነበር። ነብዩም (ሰ.ዐ.ወ.) በዚህ ሥራቸው አወድሰዋቸዋል። የሁለት ሰው ምግብ ለሦስት፣ የሦስቱ ለአራት እንደሚበቃም አስተምረዋል።

ዑመር (ረ.ዐ.) ደግሞ ከተከሉፍ መከልከላቸውን ተናግረዋል። ተከሉፍ ማለት ከአቅም በላይ መንጠራራት፣ የሌለንን ለማሳየት ራስን ማስጨነቅ ነው። የዑለማዎች ማብራሪያ ሲጠቃለል አስተናጋጅ ላለው ነገር አይሰስትም፤ ለሌለውም አይበደርም። ሱረቱል ፉርቃን ምዕራፍ 25 ቁጥር 67 ላይ የአር-ረሕማን ባሮች ሲገለጹ፣ ወጪያቸው በብክነትና በስስት መካከል እንደሆነ ተነግሯል።

አንድ ነገር እንጨምር። ከወሊማዎች ሁሉ የከፋው ሀብታሞች ተጠርተው ድሆች የሚተውበት እንደሆነ በሐዲስ ተነግሯል። ስለዚህ «አቅሜ ትንሽ ስለሆነ የሚመጥኑኝን ብቻ ልጥራ» ብለን ስንቀንስ ማንን እንደቀነስን ማየት አለብን። የሚቀነሰው የወጡ ዓይነት እንጂ ችግረኛው ዘመድ መሆን የለበትም።

ከማዕዱ በፊት የሚወጣው ገንዘብ

የዒድ በጀት ከሽንኩርት አይጀምርም። ከዘካተል ፊጥር ይጀምራል። በቤቱ ላሉ ለእያንዳንዱ ነፍስ፣ ሕፃናትን ጨምሮ፣ አንድ ሷዕ እህል ይወጣል። ይህም እንደ እህሉ ዓይነት በግምት ከ2.5 እስከ 3 ኪሎ ነው። ስድስት ነፍስ ያለበት ቤት ከ15 እስከ 18 ኪሎ እህል ማሰብ አለበት ማለት ነው። መውጣት ያለበትም ከዒድ ሶላት በፊት ነው። አብዛኞቹ መዝሀቦች በእህል እንዲሰጥ ሲያደርጉ ሐነፊዮች በገንዘብም ይፈቅዳሉ፤ በአካባቢያችሁ ያለውን አሠራር የመስጂዳችሁን ኢማም ጠይቁ።

ይህን ያስቀደምነው ያለ ምክንያት አይደለም። ዘካተል ፊጥር የሚመለከተው ለዒድ ቀንና ሌሊት ከሚበቃው በላይ ትርፍ ያለውን ሁሉ ስለሆነ፣ ብዙ ዝቅተኛ ገቢ ያለውም ቤተሰብ ይሰጣል። ዓላማውም ፆመኛውን ከጎደፈ ነገር ማጽዳትና ድሃውም በዒድ ቀን እንዲበላ ማድረግ ነው። ለእንግዳችን ሁለተኛ ዓይነት ወጥ ልንጨምር ብለን የሌላ ቤት የመጀመሪያ ወጥ የሆነውን ማዘግየት ከዒዱ ትርጉም ጋር ይጋጫል።

ቀጥሎ የሚታየው ዕዳ ነው። ቀኑ የደረሰ ዕዳ ካለ እሱ ከድግስ ይቀድማል። ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ.) በሶላታቸው ውስጥ ከዕዳ በአላህ ይጠበቁ እንደነበር እናስታውስ። ከዚያ የቤት ኪራይና የሚቀጥለው ወር አስቤዛ ለብቻው ይቀመጥ። የቀረው፣ ትንሽም ይሁን ብዙ፣ የማዕዱ ገንዘብ ነው። ይህን ገንዘብ በፖስታ ወይም በአንድ ቦርሳ ለይቶ ማስቀመጥና ከዚያ ውጭ ላለመንካት ባልና ሚስት አስቀድመው መስማማት አለባቸው። ብዙ ቤት የሚዘበራረቀው ገበያ ሄዶ «ይህም ይቅርብን?» የሚለው ጥያቄ ሲመጣ ነው።

እንግዳ ተቆጥሮ ይጠራ

«የመጣ ይምጣ» ብሎ ማብሰል ለጋስነት ይመስላል፤ ነገር ግን አንድም ብዙ ምግብ ያስተርፋል፣ አንድም ያሳንሳል። ስም ዝርዝር ይያዝ። ሕፃናት እንደ ግማሽ ሰው ይቆጠሩ። በላዩ ላይ ሳይጠሩ ለሚመጡ ሁለት ወይም ሦስት ሰዎች ቦታ ይተው፤ በዒድ ቀን ሳይጠራ የሚመጣ ሰው መኖሩ አይቀርምና።

ሁለት ዘዴዎች ወጪን በእጅጉ ይቀንሳሉ። አንደኛው ሰዓት ነው። በዒድ ጠዋት ከሶላት መልስ የሚመጣ ሰው ቁርስ፣ በዙህር የሚመጣ ምሳ፣ ከዐስር በኋላ የሚመጣ ደግሞ ቡናና ሳምቡሳ ይጠብቃል። ግብዣው «ከዐስር በኋላ ቡና ጠጡልን» ከሆነ እንግዳውም ከቤቱ በልቶ ይመጣል፤ ማንም አያፍርም። ሁለተኛው ቀን ነው። ዒድ በአንድ ቀን አያልቅም። ሐረሮች ከዒድ በኋላ ስድስቱን የሸዋል ፆም ጨርሰው የሚያከብሩት ሸዋል ዒድ፣ በ2023 በዩኔስኮ የማይዳሰስ ቅርስ መዝገብ የገባው በዓል፣ ለዚህ ጥሩ ማሳያ ነው። የወላጆችን ቤት በዒድ ቀን ዘይረን የራሳችንን ግብዣ ወደሚቀጥለው እሑድ ብናዘዋውር የገበያው ግርግር ያልፋል፤ እንግዶቹም ከሌላ ቤት ጠግበው አይመጡም።

አንድ ዋና፣ ሁለት አጃቢ

ወጪ የሚያበዛው «ሁሉም ዓይነት ይኑር» የሚለው ሐሳብ ነው። ዶሮም፣ ጥብስም፣ ክትፎም፣ ሩዝም፣ ፓስታም አንድ ማዕድ ላይ ሲቀርቡ እንግዳው ከሁሉም ትንሽ ቀምሶ ይነሳል፤ ማግስቱን የሚበላሸውን መቁጠር ደግሞ ለእኛ ይቀራል። አንድ ዋና የስጋ ወጥ በደንብ ተሠርቶ፣ ሁለት ወይም ሦስት ርካሽ አጃቢ ቢኖረው ማዕዱ ሙሉ ነው።

ዶሮ ወጥ የበዓል ንጉሥ መሆኑ አይካድም። ሒሳቡ ግን የዶሮዋ ዋጋ ብቻ አይደለም። አንዲት ዶሮ በወጉ 12 ብልት ይወጣታል። 15 ሰው ከተጠራ አንድ ዶሮ አይበቃም፤ ሁለት ያስፈልጋል። ለአንድ ዶሮ ደግሞ ከ2 እስከ 3 ኪሎ ሽንኩርት፣ ከዚያም ዘይቱ፣ ቅቤው፣ በርበሬውና እንቁላሉ አለ። ለሰዓታት የሚነደው ከሰል ወይም ኤሌክትሪክም አይረሳ። የትንሽ ቤተሰብ ማዕድ ከሆነ አንድ ዶሮ ያምራል፤ ሰው ከበዛ ግን ሌላ መላ ያስፈልጋል።

ያ መላ በወጥ ቤታችን ድሮም አለ፤ ምንቸት አብሽ ነው። ደቅቆ የተከተፈ ወይም የተፈጨ ስጋ በቁሌት ላይ ሲበስልና አብሽ ሲገባበት ወጡ ይወፍራል፤ ትንሹ ስጋ እያንዳንዱ ጉርሻ ውስጥ ይገኛል። ብልት የሚቆጥር የለም፤ «ለእኔ ትንሽ ደረሰኝ» የሚልም የለም። ከዚያም ዝቅ ካለ ቦዘና ሽሮ አለ። ግማሽ ኪሎ ስጋ በትናንሹ ተከትፎ በጥሩ ሽሮ ውስጥ ሲገባ ብዙ ሰው ያበላል። አጥንት ያለው ስጋ የተሻለ ዋጋ ከተገኘበት ደግሞ ቅቅል ሠርቶ በመረቁ ሩዝ ማብሰል ሌላው አማራጭ ነው፤ ስጋው ከላይ ይደረጋል፤ የስጋው ጣዕም ግን ሩዙን ሁሉ ያዳርሰዋል።

ለ15 ሰው የሚሆን አንድ ምሳሌ

ዋጋ ከሳምንት ሳምንት፣ ከከተማ ከተማ ስለሚለያይ ብር አንጠቅስም። መጠኑን ይዛችሁ በአካባቢያችሁ ዋጋ ማባዛት ትችላላችሁ።

- እንጀራ፦ 25 ያህል። ለአንድ ሰው አንድ ተኩል ማለት ነው። እንደ ምጣዱ ስፋት ከ5 እስከ 6 ኪሎ ዱቄት ይፈልጋል። ጤፉን ከሩዝ፣ ከገብስ ወይም ከማሽላ ዱቄት ጋር መቀላቀል የተለመደ ነው፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ግን ለዒድ አትሞክሩት።
- ምንቸት አብሽ፦ 1 ኪሎ ተኩል ስጋ፣ 2 ኪሎ ሽንኩርት።
- ምስር ወጥ፦ ከግማሽ ኪሎ እስከ ሦስት ሩብ ኪሎ ክክ ምስር።
- ጥቅል ጎመን በካሮትና በድንች፦ ሁለት ራስ ጎመን፣ አንድ አንድ ኪሎ ካሮትና ድንች።
- ሩዝ፦ 1 ኪሎ። በካሮት፣ በሄልና በቀረፋ ሲሠራ ልጆቹ በብዛት የሚበሉት እሱን ነው።
- ሳምቡሳ በምስር፦ ግማሽ ኪሎ ምስር ወደ 30 ሳምቡሳ ይሞላል።
- ተምር፦ ከረመዷን የተረፈው፣ ወይም 1 ኪሎ።
- የቲማቲምና የቃሪያ ሰላጣ፦ እንደ ወቅቱ ዋጋ።

እዚህ ዝርዝር ውስጥ ውዱ ነገር አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ስጋው። ገንዘቡ ካነሰ 1 ኪሎ ተኩሉ ወደ 1 ኪሎ ዝቅ ይበልና ምስሩ ይጨመር። ገንዘቡ ካለ ደግሞ ለእያንዳንዱ ሰው አንድ የተቀቀለ እንቁላል ወጡ ላይ ይደረግ፤ ማዕዱ ወዲያው የዒድ ይመስላል።

አቀራረቡም ወጪ ይቀንሳል። ለየሰው በሳህን ከማቅረብ አምስት አምስት ሰው በአንድ ትሪ ይብላ፤ ለ15 ሰው ሦስት ትሪ ይበቃል። ወጡ መሐል ላይ ትንሽ በትንሽ እየተጨመረ ይሂድ። በሳህን የተረፈ ፍርፋሪ ይጣላል፤ ድስት ውስጥ የቀረ ወጥ ግን ነገም ይበላል፣ ለጎረቤትም ይላካል። አብሮ በአንድ ማዕድ መብላት በረካ እንዳለውም አንርሳ።

ገበያ መቼ ይወጣል?

በመጨረሻው ሳምንት ሁሉም ሰው በአንድ ጊዜ ይወጣና ዋጋው ይሰቀላል። ስለዚህ የማይበላሸው ነገር ቀድሞ ይገዛ። ዘይት፣ ምስር፣ ሩዝ፣ ሽሮ፣ ጤፍ፣ በርበሬ፣ ስኳርና ቡና ከረመዷን አጋማሽ በፊት፣ ከተቻለም በሻዕባን ቢገባ ይመረጣል። ሽንኩርት ደረቁን መርጦ፣ ነፋስ በሚያገኝበት ቦታ ዘርግቶ ለሁለትና ሦስት ሳምንት ማቆየት ይቻላል። ቲማቲም፣ ቃሪያና ጎመን ወደ መጨረሻው ይተዉ።

በአዲስ አበባ የሸማቾች ኅብረት ሥራ ማኅበራት ሱቆችና የእሑድ ገበያዎች ብዙ ጊዜ ከሰፈር ሱቅ የተሻለ ዋጋ አላቸው፤ ግን ወረፋም አለ፣ የሚፈለገውም ዕቃ ቀድሞ ያልቃል። ሁለት ወይም ሦስት ጎረቤቶች ተባብረው አንድ ጆንያ ሽንኩርት ወይም አንድ ኩንታል ጤፍ ገዝተው ቢካፈሉ ከችርቻሮው ዋጋ ይወርድላቸዋል። ስጋ ከሙስሊም ስጋ ቤት ቀድሞ አዝዞ መጠኑን መናገር ይሻላል፤ በዒድ ዋዜማ የተሰለፈ ሰው ዓይኑ ያየውን ሁሉ ይገዛል።

ሌላው የዒድ ልዩ ችግር ቀኑ አስቀድሞ አለመታወቁ ነው። ጨረቃዋ በ29ኛው ፆም ምሽት ከታየች ዒዱ ነገ ነው፤ ካልታየች ከነገ ወዲያ። ስለዚህ ዝግጅቱ ለሁለቱም እንዲመች ይሁን። ቁሌቱ ቀድሞ ተቁላልቶ በማቀዝቀዣ ይቀመጥ። የሳምቡሳው ምስርም እንዲሁ። ስጋው ግን ጨረቃዋ ከታወቀች በኋላ ወይም በዒድ ጠዋት ቢገባ ይሻላል። መብራት የሚቋረጥበት ሰፈር ከሆነ ይህ ጥንቃቄ በእጥፍ ይጠብቅ።

ለስላሳው ቢቀርስ?

ብዙ ሰው ስጋውን ለመቀነስ ሲጨነቅ መጠጡን አያየውም። አንድ ሳጥን ለስላሳ 24 ጠርሙስ ነው፤ 15 ሰው ሁለት ሁለት ከጠጣ አንድ ሳጥን አይበቃም። ያ ገንዘብ የስንት ኪሎ ምስር ዋጋ እንደሆነ ሒሳቡን ሥሩት።

ቤታችን ውስጥ ከዚያ የሚሻል አለ። የሎሚ ውሃ በስኳር፣ የተልባ፣ የአብሽ፣ ማር ለተገኘለት ብርዝ፣ ወሎዬዎች ዘንድ ደግሞ ቀሪቦ አለ። ቅርንፉድና ቀረፋ የገባበት ሻይ ከሳምቡሳ ጋር ማንንም አያሳፍርም። ከዚያ ቡናው ይቀጥላል። ዕጣኑ ይጨስ፣ ቄጠማው ይጎዝጎዝ፣ አቦል፣ ቶና፣ በረካ ይባል። በአንድ ጀበና ቡና የሚገኘውን ጨዋታ የትኛውም ውድ መጠጥ አያመጣውም።

«ምን ላምጣ?» ስትባሉ

ዘመድ ስንጠራ «ምን ይዤ ልምጣ?» ይላል። እኛም በይሉኝታ «ምንም! ራስህን ብቻ ይዘህ ና» እንላለን። እሱ ግን ባዶ እጁን መምጣት ስለሚያሳፍረው መንገድ ላይ ብርቱካን ወይም ኬክ ገዝቶ ይመጣል። ገንዘቡን አውጥቷል፤ እኛ ግን የሚያስፈልገን እንጀራ ነበር።

ከዚህ ይልቅ ግልጽ መልስ እንስጥ። «ወጡ ከእኔ፣ እንጀራው ካንቺ ይሁን።» «ሳምቡሳውን እናንተ ቤት ሠርታችሁ አምጡልን።» «አንተ ልጆቹን ሰብስበህ የሎሚውን ውሃ ጉዳይ ያዝልን።» ይህ ልመና አይደለም። ከላይ ያየነው የሶፊያ (ረ.ዐ.) ወሊማም የአሽዓሪዮቹም ጨርቅ ይኸው ነው። አገራችንም ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ትላለች። በሐረር የሴቶች አፎቻ፣ በሌላው አካባቢ ዕድርና ዕቁብ ይህንኑ መተጋገዝ ሲያስተምሩን ኖረዋል። ከዒድ እስከ ዒድ የሚጣል ትንሽ የቤተሰብ ዕቁብ ቢጀመር የሚቀጥለው ዓመት ወጪ ዘንድሮ ይቀላል።

አንድ ጥንቃቄ አለ። አቅም የሌለውን ሰው «ምን ታመጣለህ?» ብለን አንጠይቀው። እሱ ከጠየቀን ደግሞ ጉልበት እንስጠው፤ «ቀደም ብለህ ናና ምንጣፍ አንጥፍልን» ማለት ክብሩን ይጠብቅለታል።

ክርስቲያን ጎረቤቶቻችን

በብዙ ሰፈር ዒድ ያለ ክርስቲያን ጎረቤት አይደምቅም። ሁላችንም እንደምናውቀው እነሱ የእኛን እርድ፣ እኛም የእነሱን አንበላም፤ ይህ ግን አብሮ መቀመጥን አላስቀረም። በተጨማሪም ሰሞኑን ባሉት ዓመታት ዒድ አል-ፊጥር ከዐቢይ ጾም ጋር እየተገናኘ ነው። በሚያዝያ 2016ም ሆነ በመጋቢት 2017 ዒድ ሲከበር ጎረቤቶቻችን ጾም ላይ ነበሩ።

ይህ ለበጀታችንም በረካ ነው። ምስሩ፣ ጎመኑ፣ ሩዙና ሳምቡሳው በዘይት ብቻ ከተሠሩ ለጎረቤት የተለየ ድግስ አያስፈልግም። ለብቻ ድስትና ጭልፋ ይያዝላቸው፤ ቅቤ ወይም ስጋ የነካው ማንኪያ አይግባበት። ሲቀመጡም «ይህ የጾም ነው» ብለን እንንገራቸው፤ እንግዳ ሳይጠራጠር ሲበላ ነው ደስ የሚለው።

ሥራውም ወጪ ነው

በጀት ሲባል ገንዘቡን ብቻ አንቁጠር። የአንዲት እናት ጉልበትም ያልቃል። ሽንኩርት ለመክተፍ ሌሊቱን አድራ፣ ዒድ ሶላት አምልጧት፣ እንግዳው ሲመጣ በድካም የተነሳ ፈገግ ማለት ካቃታት ድግሱ ውድ ሆኗል ማለት ነው። ሴቶችም ወደ ዒድ ሶላት እንዲወጡ በነብዩ (ሰ.ዐ.ወ.) የታዘዘ ነውና። እሳቸውም በቤታቸው ቤተሰባቸውን ያግዙ እንደነበር እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ.) ነግረውናል። አባት ገበያውን፣ ወንዶች ልጆች ሽንኩርቱንና ዕቃ ማጠቡን፣ ትንንሾቹ ምንጣፍና ተምሩን ይያዙ። የአንድ ዋና ወጥ ጥቅሙ እዚህም ይታያል፤ ድስቱ ሲያንስ ድካሙም ያንሳል።

የተረፈው ምግብም ሥራ ይፈልጋል። የስጋ ወጥና ሩዝ ውጭ አይደር፤ ወዲያው ቀዝቅዞ ማቀዝቀዣ ይግባ፤ ሲበላም በደንብ ይንተክተክ። ማቀዝቀዣ የሌለው ቤት እንግዳው ሳይሄድ በሳህን አድርጎ ቢያስይዘው፣ ወይም የዚያኑ ዕለት ለሚያስፈልገው ቤት ቢልከው አጅሩ ይበልጣል።

ለዒድ አል-አድሓ (ዐረፋ)

በዐረፋ ጥያቄው ትንሽ ይለያል፤ ማዕዱ ከኡድሒያ ጋር ይያያዛልና። ኡድሒያ የሚመለከተው የቻለውን ነው። ያልቻለ ሰው ተበድሮ እንዲያርድ የሚያስገድደው የለም።

አንድ በግ ወይም ፍየል ለአንድ ቤተሰብ ይበቃል። በሬ ወይም ግመል ደግሞ እስከ ሰባት ሰው ድረስ ይጋሩታል። እዚህ ላይ ከተለመደው ቅርጫ ጋር የሚያምታታ ነገር አለ። ቅርጫ ስንት መደብ እንደሚሆን ገደብ የለውም፤ አሥርም አሥራ ሁለትም ሰው ሊገባበት ይችላል። በኡድሒያ ግን ከአንድ በሬ ላይ የአንድ ሰው ድርሻ ከሰባት አንድ በታች ሊሆን አይችልም። ስምንት ወይም አሥር ሆነው እኩል ከተጋሩት ስጋ ገዙ እንጂ ኡድሒያ አላረዱም። ስለዚህ ገንዘብ ከመሰብሰቡ በፊት ቁጥሩና ኒያው ይለይ።

የአራጁ ክፍያም ከስጋው ወይም ከቆዳው አይታሰብም፤ ለብቻው በገንዘብ ይያዝ። ስጋው ሲከፋፈል ሲሶው ለቤት፣ ሲሶው ለዘመድና ለወዳጅ፣ ሲሶው ለችግረኛ ማድረግ የተወደደ ነው። ያላረደ ቤተሰብም የደረሰውን ስጋ ይዞ፣ ከላይ በዘረዘርነው መንገድ ምንቸት አብሽ ወይም ሩዝ በስጋ ሠርቶ እንግዳ መጥራት ይችላል። በስልጤና በጉራጌ አካባቢ ደግሞ ዐረፋ አገር ቤት የሚገባበት በዓል ነው። የትራንስፖርቱን ወጪ ያወጣ ሰው በስጦታ ላይ እንዳይጨናነቅ ወላጆችም ልጆቻቸውን አስቀድመው ቢያጽናኑ መልካም ነው፤ እናት የናፈቃት የልጇ ፊት ነው።

በመጨረሻም

አባቶቻችን ከፍትፍቱ ፊቱ ይላሉ። ማንም እንግዳ ባለፈው ዒድ ስንት ዓይነት ወጥ እንደበላ አያስታውስም። በር ላይ ማን እንደተቀበለው፣ ማን «ጨምርልኝ» እያለ እንዳጎረሰው፣ ማን ከልጁ ጋር እንደተጫወተ ግን ያስታውሳል። እነዚህ ደግሞ ዋጋቸው አልተወደደም።

እንግዲህ ዛሬ ማታ ሁለት ነገር አድርጉ። የሚጠሩትን ሰዎች ስም ጻፉ፤ በተለይ ባለፈው ዓመት ያልጠራችሁትን ከላይ አስቀምጡት። ከዚያ የማዕዱን ገንዘብ ለዩና ከዚያ እንዳታልፉ ተስማሙ። የቀረው የሽንኩርትና የምስር ጉዳይ ነው፤ ኢንሻአላህ ይደረሳል።

አላህ ፆማችንንና ሶላታችንን ይቀበለን። ማዕዳችንን በረካ ያድርግልን፤ ከዕዳና ከይሉኝታ ጭንቅ ይጠብቀን፤ የተቆረጠውን ዝምድና ይቀጥልልን። ዒድ ሙባረክ!